ለወደቀ አብራሪ የሚገባ ወረታ

በአማርኛችን «ወረታ» የሚለው ቃል ለተደረገ ውለታ የሚመለስ ዋጋ ማለት ነው። «ወረታውን ከፈለ» ሲባል የተደረገለትን ሳይረሳ በጊዜው መለሰ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ይህንኑ ቃል የከተማ ስም ሆኖ ያገኘዋል። ከተማዪቱ ስሟን ከዚህ ቃል አወጣች ብለን ለመከራከር አንነሣም፤ የቦታ ስም ምንጩ ብዙ ነውና። ይሁን እንጂ ስለ መታሰቢያ ሐውልት ጥቂት ቃል ለመጻፍ ለተነሣ ሰው ከዚህ ስም የተሻለ መነሻ አይገኝለትም።

ወረታ በፎገራ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ሰሜን አዲስ ዘመንን አልፎ በቁልቋል በር በኩል ወደ ጎንደር ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ወደ ደብረ ታቦር ያቀናል፤ ሦስተኛው ወደ ደቡብ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። በምዕራብ በኩል የጣና ሐይቅ አለ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ውኃ ያለብሱታል። ዱሮ በላሞቹ የታወቀው ፎገራ ዛሬ በሩዙም ይታወቃል። ሜዳው ገላጣ በመሆኑ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ በዚያ ሰማይ የሚያልፍ አይሮፕላን ከሩቅ ይታያል። በ1933 ዓ.ም. ክረምት በደብረ ታቦር የነበረው የኢጣልያ ጦር እጁን ሲሰጥ፣ በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር ደግሞ የቁልቋል በርና የጎንደር ምሽግ ሲሰበር፣ የፎገራ ሰው በሁለቱ የጦር ሜዳዎች መካከል ይኖር ነበር።

እንግዲህ እንደዚህ ባለች ትንሽ ከተማ በጦርነት ለወደቀ አንድ አብራሪ ሐውልት ይቁም ቢባል በሐውልቱ ላይ ምን ይጻፋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሥራ ጉዳይ በየአገሩ ስንዘዋወር ያየናቸውን ሐውልቶች ስናስታውስ ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። ብዙ ሰው ሐውልትን የሚተቸው በቁመቱ፣ በድንጋዩ ጥራትና በወጣበት ገንዘብ ነው። እኛ ግን ድንጋዩን ለግንበኛው ትተን ጽሑፉን ለመተቸት እንወዳለን። ምክንያቱም ሐውልት ከሁሉ አስቀድሞ ድርሰት ነው። ከድርሰትም ሁሉ አጭሩና አስቸጋሪው እርሱ ነው፤ ደራሲው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ በሁለተኛው እትም ሊያርመው አይችልምና።

ስለ ሌላው ወታደር ሳይሆን ስለ አብራሪ የምንጽፍበት ምክንያት አለን። እግረኛ ወታደር የገደለውንም የገደለውንም ሰው ፊት ለፊት ያያል ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። አብራሪ ግን ከላይ ሆኖ የሚመታውን ሰው መልክ አያይም፤ ከታች ያለውም ሰው የሚመታውን አያውቀውም። በወደቀም ጊዜ የሚወድቀው ማንም በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው ገበሬ ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ የሚጻፈው ነገር ሁልጊዜ የሩቅ ሰው ጽሑፍ ይሆናል። የሩቅ ሰው ጽሑፍ ደግሞ ወይ ወደ ሐሰት፣ ወይ ወደ ባዶ ምስጋና ለማዘንበል ቅርብ ነው። የሐውልት ጽሑፍ ጥበብ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

በአገራችን ታሪክ ስለ ወደቁ አብራሪዎች ከሰማይ የተጣሉ ሁለት ወረቀቶች አሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ኢጣልያ አብራሪ ነው። ሁለቱም እጅግ አጭር ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቶ መመርመር ብዙ መጽሐፍ ከማንበብ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ወረቀት የተጣለው በደቡብ ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ቲቶ ሚኒቲ የተባለ የኢጣልያ አብራሪ በደጋሐቡር አቅራቢያ ከአይሮፕላኑ ጋር ወርዶ ተያዘና ተገደለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን፣ የግራዚያኒ አይሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ ዳር በመልካ ዲዳ ድንኳኑን ተክሎ ቁስለኞችን ያክም በነበረው በስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ላይ ቦምብ ጣሉ። በሽተኞችና ቁስለኞች በድንኳናቸው ውስጥ አለቁ፤ ከስዊድናውያኑም አንዱ ሞተ። ከቦምቡ ጋር ወረቀት ተበተነ። የወረቀቱ ቃል ባጭሩ ሲገለጥ፣ የተማረከ አብራሪ በመግደላችሁ የመንግሥታትን ሕግ አፍርሳችኋል፤ ምርኮኛ መከበር ነበረበት፤ ስለዚህ የሚገባችሁን ቅጣት ትቀበላላችሁ የሚል ነው። ከግርጌው የግራዚያኒ ስም አለበት።

ይህን ወረቀት እንደ ጽሑፍ ብቻ ብናየው ሰዋስዉ የሚነቀፍ አይደለም። የሚናገረውም ሕግ እውነተኛ ሕግ ነው፤ ምርኮኛ መከበር አለበት። የተማረከን ሰው መግደል ማንም ያድርገው ማን ነውር መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ጽሑፍ የሚመዘነው በቃሉ ብቻ አይደለም፤ በወደቀበት ቦታም ጭምር ነው። ሕግ ይከበር የሚለው ወረቀት የወደቀው ሕግ በሚጠብቀው በቀይ መስቀል ድንኳን ላይ ነው። የሚኒቲም ሞት ለመርዙ ጢስ ምክንያት ተደርጎ ተነገረ። ሆኖም የመርዙ ጢስ በተከዜ በኩል በነበረው ሠራዊታችን ላይ የተጣለው ሚኒቲ ከመሞቱ ከቀናት በፊት ነበር፤ ሙሶሊኒም ለግራዚያኒ ፈቃዱን የሰጠው ከዚያ አስቀድሞ በጥቅምት ወር ነው። እንግዲህ የሟቹ ስም የቁጣው መነሻ ሳይሆን የቁጣው መሸፈኛ ሆነ። በሬጆ ካላብሪያ ከተማ ያለው የአይሮፕላን ማረፊያ ዛሬም በሚኒቲ ስም ይጠራል፤ መንግሥቱም የወርቅ ሜዳይ ሰጥቶታል። እኛ የምንነቅፈው ልጇን የምታስብ ከተማን አይደለም። የምንነቅፈው የሞተ ሰው ስም ሌላ ሰው ለመግደያ እንዲሆን የሚጻፍ ጽሑፍን ነው። የመታሰቢያ ጽሑፍ ከሚሠራቸው ኃጢአቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

ሁለተኛው ወረቀት የተጣለው በሰሜን፣ ለፎገራ ሜዳ በሚቀርብ አገር ነው። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ወራት ቢያልፉም ጎንደር ገና በጄኔራል ናዚ እጅ ነበረች። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ የተባለ የኢጣልያ አብራሪ ፊያት በተባለች ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አይሮፕላን ብቻውን ወጣ። ሆፕ የተባለ የደቡብ አፍሪካ አብራሪም ግላዲያተር በተባለች አይሮፕላን ገጠመው። ውጊያው ሲያበቃ ማላቮልታ ወደቀ። ስብርባሪው በዳባት በኩል ተገኘ፤ ሟቹም ከመቀመጫው አልተነሣም ነበር። ይህ በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት አይሮፕላን ከአይሮፕላን ጋር የተዋጋበት የመጨረሻው ግጥሚያ ነው። በማግስቱ የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላን በአምባዞ ወዳለው የኢጣልያኖች ምሽግ በርሮ ወረቀት ጣለ። የወረቀቱ ሐሳብ ይህ ብቻ ነው፦ ይህ ለፊያቱ አብራሪ ክብር ነው፤ እርሱ ጀግና ሰው ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል።

ስለዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስት ነገር እናመሰግናለን። አንደኛ፣ ጸሐፊዎቹ ያላወቁትን አልጨመሩም። የሟቹን ስም አላወቁትም፤ ስለዚህ የፊያቱ አብራሪ አሉት። ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንደ ተዋጋ አላወቁም፤ አልጻፉምም። ያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ብቻውን ወጥቶ መዋጋቱን ነው። ያዩትን መሰከሩ። ሁለተኛ፣ አልፎከሩም። ማን እንደ ጣለው በወረቀቱ ላይ አልተነገረም። ሦስተኛ፣ ከግርጌው ፈረሙ። ምስጋናውን የሰጠው ማን መሆኑ ታወቀ፤ ስለዚህ ወሬ ሳይሆን ምስክርነት ሆነ።

በዚህ ስፍራ አንድ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለእኛ ምን ያስተምረናል?» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንግዳ ነገር ሆኖ አላገኘነውም። የገዛ ራሳችንን የፉከራ ልማድ ያስተዋለ ሰው ይህን ያውቃል። ፎካሪ የጣለውን ጠላት ፈሪ ነው ብሎ አያቃልለውም። ፈሪ የገደለ ምን ይፎክራል? የጠላቱን ኃይል፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የቦታውን አስቸጋሪነት ከፍ አድርጎ ሲናገር የራሱም ሥራ አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠላትን ማክበር ለባህላችን ባዕድ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በፉከራ ጠላት የሚከበረው ፎካሪው እንዲከበር ነው፤ በአምባዞው ወረቀት ግን ሟቹ የተከበረው ስለ ራሱ ነው። ይህ ከፉከራ ይልቅ ለሙሾ ይቀርባል።

ይህን ካመሰገንን በኋላ ግን ጉድለቱን ሳንናገር ብናልፍ ተቺዎች አንባልም። የአምባዞው ወረቀት በሁለት አብራሪዎች መካከል የተደረገ ንግግር ነው። አንዱ ከሰማይ ጻፈ፤ ሌላው ከሰማይ ወደቀ። ከሁለቱ በታች ግን አገር ነበረ። ማሳ ነበረ፤ ከብት ነበረ፤ ቤት ነበረ። በአርበኝነቱ አምስት ዓመት በጎጃምና በበጌምድር የጠላት አይሮፕላኖች መንደሩንና አዝመራውን በቦምብ ይመቱ ነበር። ያን ጊዜ ከሰማይ የመጣውን እሳት የተቀበለው ሰው ስለ አብራሪዎች ጀግንነት የሚናገረው ነገር ከአብራሪዎቹ ወዳጅነት የተለየ ነው። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት በታች ላለው ሰው ሞትን ነገረው፤ ሁለተኛው ወረቀት ግን በታች ሰው መኖሩን አላስታወሰም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሙሉ አይደሉም።

ስለዚህ ሦስተኛ ወረቀት ይቀራል እንላለን። እርሱም ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ከምድር የሚነሣ ነው። በመሬት ላይ የነበረው ሰው የሚጽፈው ነው። በትንሽ ከተማ የሚቆም የአብራሪ ሐውልት፣ ወዳጅም ይሁን ጠላት ለወደቀበት ቦታ ምስክር የሚሆነው፣ ይህን ሦስተኛ ወረቀት መሆን አለበት።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። አገር ሊወር የመጣ ሰው በወደቀበት ምድር መታሰቢያ ይገባዋልን? በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ እንደሌለው እናውቃለን። የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። ማሰብና ማክበር አንድ አይደሉም። ጀግንነትን መመስከርና የተዋጋለትን ዓላማ ማመስገንም አንድ አይደሉም። በዳባት የወደቀውን ሰው ብቻውን ወጥቶ ተዋግቶ ወደቀ ብለን ብንጽፍ እውነት ጻፍን። ሰፍሮበት የነበረው አገር የእርሱ እንዳልነበረ ካልጻፍን ግን ግማሹን እውነት ደበቅን። ሁለቱን በአንድ ድንጋይ ላይ መጻፍ ይቻላል። ድንጋዩ የሚጠበው ለሐሰት እንጂ ለእውነት አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስፍራ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. የቁልቋል በር ምሽግ ከብርቱ ውጊያ በኋላ ተያዘ። በምሽጉ የነበሩት የኢጣልያ ካራቢኒየሪዎችና በሥራቸው የነበሩ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ጭምር ነበሩ፤ ከውጭ ያጠቃቸውም የእንግሊዝ መንግሥት ያሰለፈው የምሥራቅ አፍሪካ ሠራዊትና የኢትዮጵያ አርበኞች ናቸው። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ጎንደር ነፃ ወጣች። የኢጣልያ ካራቢኒየሪዎች በአገራቸው በየዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን የቁልቋል በርን ውጊያ ያስባሉ። እንግዲህ የእኛ አገር ተራራ ስም በኢጣልያ በየዓመቱ ሲጠራ፣ በዚያው መንገድ በአውቶቡስ የሚያልፈው ተማሪያችን ግን ቁልቋል በርን ከመስኮት የሚያየው እንደ አንድ ጠመዝማዛ ዳገት ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የኢጣልያኖች አይደለም። እነርሱ ለሙታኖቻቸው ወረታ ከፈሉ። የእኛን ወረታ እነርሱ እንዲከፍሉልን ልንጠብቅ አንችልም።

ለእኛ ሲሉ የበረሩ አብራሪዎችም አሉን። ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አገልግሎት ቁስለኞቻችንን በአይሮፕላን ያመላለሰ ስዊድናዊ ነው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያ አየር ኃይልን ለማቋቋምና አብራሪዎችን ለማሠልጠን ብዙ ዓመት ደከመ። በስተርጅናው ደግሞ በድርቅ ለተጎዱት በትንንሽ አይሮፕላኖች እህል አደረሰ። በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማልያ ጦር ጥቃት ተገደለ፤ በአዲስ አበባም ተቀበረ። አሜሪካዊው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጦርነቱ ጊዜ መሣሪያ አልባ ማለት ይቻል በነበሩት በጥቂቶቹ አይሮፕላኖቻችን አገልግሏል። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። ሁለቱም ሰዎች የሌላ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በእኛ አፈር ውስጥ አሉ። ስማቸውን በትምህርት ቤት ብንጠይቅ ስንት ተማሪ እጁን ያነሣል? የዚህን መልስ ለመምህራን እንተዋለን።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንመለስ። በየከተማው የምናያቸው የሐውልት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ጉድለት አለባቸው። አንደኛው ጉድለት የመራቂው ስም ከሟቹ ስም በላይ መጻፉ ነው። ሐውልቱን መርቆ የከፈተው ባለሥልጣን ማዕረጉ፣ ስሙና ቀኑ በትልቅ ፊደል ይቀረጻል፤ የወደቁት ግን «ለሰማዕታት» በሚል አንድ ቃል ይታለፋሉ። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን ይህን ነቀፋ ለሌላ ሰው ብቻ አንተወውም። የምረቃውን ወረቀት የሚያዘጋጀው እንደ እኛ ያለ ጸሐፊ ነውና። ሁለተኛው ጉድለት የትልልቅ ቃላት ብዛት ነው። «ወደር የሌለው»፣ «ዘለዓለማዊ»፣ «አኩሪ» የሚሉት ቃላት ክፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ለሁሉ ሰው ስለሚነገሩ የማንም አይደሉም። ከአንዱ ሐውልት ነቅለን በሌላው ላይ ብንተክላቸው ልዩነቱን ማንም አያውቅም። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ሊዛወር የሚችል ጽሑፍ የሐውልት ጽሑፍ አይደለም።

በአዲስ አበባ በአንድ በኩል የየካቲት 12ን ሐውልት፣ በሌላ በኩል የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እንመልከት። የመጀመሪያው በ1929 ዓ.ም. ለተጨፈጨፈው ሕዝብ የቆመ ነው። የሺዎችን ስም ጽፎ መጨረስ ስለማይቻል ታሪኩን በድንጋይ ቅርጽ ይናገራል፤ ይህም ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለተገደሉት ለአንድ አባት የቆመ ነው፤ ስለዚህ ስማቸውን ይጠራል፣ መልካቸውን ያሳያል። ስለ ብዙዎች የሚቆመውና ስለ አንድ ሰው የሚቆመው ሐውልት አጻጻፋቸው የተለየ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ ለአንድ አብራሪ የምታቆመው ሐውልት የአንድ ሰው ሐውልት ነው። እንግዲህ ስም የማይጠራበት ምክንያት የለም።

አብነት የሚሆነን ጽሑፍ ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። አልቃሽ በለቅሶ ላይ የምታወርደው ሙሾ ከእኛ ዘንድ ያለ የመታሰቢያ ጥበብ ነው። አልቃሽ የሟቹን ስም ሳትጠይቅ አትጀምርም። የማን ልጅ ነው? አገሩ የት ነው? ምን ሥራ ነበረው? እንዴት ሞተ? ማንን ትቶ ሄደ? ትላለች። ከዚያ በኋላ ግጥሟን ታወርዳለች። ለሌላ ሰው የተባለውን ደግማ ብታወርድ ለቀስተኛው ያውቅባታል፤ ዕንባውም ይደርቃል። የሐውልት ጸሐፊም ከብዕሩ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ሟቹ ዘመዶችና ወደ አገር ሽማግሌዎች መሄድ ይገባዋል።

ስለዚህ በትንሽ ከተማ ለወደቀ አብራሪ ለሚቆም ሐውልት አምስት ነገር ይበቃል እንላለን። አንደኛ ስሙ ከነአባቱ ስም፤ ባይታወቅ ግን የአምባዞው ወረቀት እንዳደረገው የታወቀውን ያህል ብቻ። ሁለተኛ የተወለደበትና የወደቀበት ቦታ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብቻውን ብዙ ይናገራልና። ሦስተኛ ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ። አራተኛ ያደረገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ቁስለኛ ያመላለሰም ከሆነ፣ አገር የጠበቀም ከሆነ፣ አገር የወረረም ከሆነ ያው ይጻፍ። አምስተኛ ድንጋዩን ማን እንዳቆመው፤ «የዚህ አገር ሰዎች» ቢባል ይበቃል። ይህ አምስተኛው ሦስተኛውን ወረቀት ሙሉ ያደርገዋል። በታች የነበረው ሰው ፈረመ ማለት ነውና። የመራቂው ስም ግን በመዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ እዚያ አይጠፋም።

ስለ ቦታውም ጥቂት እንበል። ሐውልቱ የሚቆመው ሰው በሚያልፍበት ቦታ እንጂ በተቆለፈ ግቢ ውስጥ አይሁን። እንደ ወረታ ባለ የመንገድ መገናኛ ከብት የሚነዳው፣ ሩዝ በጆንያ የሚያስጭነው፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሁሉ ያነበዋል። ፊደሉ በእግሩ ቆሞ የሚያነብ ሰው ሳያጎነብስ የሚያነበው ይሁን። በፎገራም ሜዳ ላይ የሚሠራ ከሆነ የክረምቱ ውኃ ከማይደርስበት ጉብታ ላይ ይቁም፤ ርብ የሞላበትን ዓመት ሽማግሌዎች ያውቃሉና አስቀድሞ ይጠየቁ። የሐውልቱ ትልቅነት የሚለካው በሲሚንቶው ብዛት አይደለም። ከወገብ የማያልፍ ጥርብ ድንጋይ እውነተኛ ቃል ከተጻፈበት የከተማዪቱን ልጆች ለብዙ ትውልድ ያስተምራል።

በዓመት አንድ ቀንም ተማሪዎች ወጥተው ጽሑፉን ጮክ ብለው ያንብቡት። ሐውልት የሚሞተው ድንጋዩ ሲፈርስ ሳይሆን ንባቡ ሲቀር ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን ስሙ ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች ደግመን እናስታውስ። አንዱ የሞተውን አብራሪ ለበቀል ተጠቀመበት፤ በቁስለኞች ድንኳን ላይም ወደቀ። ሌላው የሞተውን ጠላት በሦስት አጭር ሐረግ አከበረ፤ በጠላት ምሽግ ላይ ወደቀ። ሁለቱም ወረቀቶች ናቸው፤ ነፋስ ወስዷቸዋል፤ የቀረው ወሬያቸው ብቻ ነው። ሦስተኛው ግን በድንጋይ ይጻፋል፤ ጸሐፊዎቹም እኛ ነን። ወዳጅ ሆኖ ለወደቀልን ምስጋናችንን፣ ልጃችን ሆኖ ለወደቀ ስሙን ከነአባቱ፣ ጠላት ሆኖ ለወደቀ እውነተኛ ምስክርነታችንን፣ በቦምብ ለሞተው ገበሬም እስከ ዛሬ ያልተጻፈለትን ቃል ልንሰጥ ይገባናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠራ ወረታ ይባላል። ቃሉ አለን፤ የቀረን መክፈል ነው።